«ፍላሼን ቫይረስ በላው» የምትሉ፣ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ጎንደር ማራኪ አካባቢ ትንሽ የህትመትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። በየቀኑ ከምሰማቸው ነገሮች አንዱ «ፍላሼን ቫይረስ በላው» የሚል ነው። ተማሪው ይለዋል። አስተማሪው ይለዋል። ደብዳቤ ልታሳትም የመጣች የቢሮ ሠራተኛም ትለዋለች። ቀጥሎ የሚመጣው ግን ከዚያ የባሰ ነው። «በቃ ፎርማት አድርጊልኝ።» ፍላሹን ባዶ አድርጊልኝ ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ያችን ሁለተኛዋን ንግግር ለማስቆም ነው። አብዛኛውን ጊዜ የተበላ ነገር የለም። ፋይሉ እዚያው ፍላሹ ውስጥ ነው፤ ተደብቋል እንጂ አልጠፋም። የሚያጠፋው ድንጋጤው ነው። ሰው ደንግጦ ፎርማት ያስደርግና የአንድ ዓመት ሥራውን በገዛ እጁ ይጥላል። እዚህ ሥራ ላይ በቆየሁበት ጊዜ ሰውን ከዚህ ድንጋጤ የሚያወጣውን ነገር ለይቼ አውቄያለሁ። «ቫይረስ» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣና ቃሉን የመረጡት ሰዎች ምን ለማለት እንደፈለጉ ማወቅ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ፍላሹን እንዴት እንደሚይዝ ብዙም ሳይነገረው ይገባዋል።

እኛ አገር ቃሉ ከኮምፒውተር በፊት ከባድ ታሪክ አለው። ኤችአይቪ ብዙ ቤት ባንኳኳበት ዘመን ያደገ ሰው «ቫይረሱ» ሲባል የትኛው ብሎ አይጠይቅም ነበር። «ቫይረሱ በደሟ ውስጥ አለ» ማለት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከዚያ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ ቃሉ እንደገና የፍርሃት ስም ሆነ። ስለዚህ አንድ ትልቅ ሰው «ፍላሽዎ ቫይረስ አለበት» ሲባሉ ፊታቸው ቢለዋወጥ ምክንያት አላቸው። አንድ ቀን አንዲት እናት የልጃቸውን ማስረጃ ሊያሳትሙ ፍላሽ ይዘው መጡ። ኮምፒውተሩ ማስጠንቀቂያ አወጣ። «እማማ፣ ቫይረስ አለበት» ስላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ውይ ልጄ፣ እኔ እኮ ከቤት ጀምሮ በእጄ ጨብጬው ነው የመጣሁ» አሉኝ። አስቀምጬ ረጋ ብዬ አስረዳኋቸው። ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር የለውም፤ ስሙን ነው ከበሽታው የተዋሰው። ከዚያ ወዲህ ለትልልቅ ሰዎች «ተደብቆ የገባ ፕሮግራም አለበት» ነው የምለው።

ታዲያ ስሙን ለምን ተዋሰ?

ቃሉ ላቲን ነው። መጀመሪያ ትርጉሙ መርዝ ማለት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አሁን ያለውን መልክ መያዝ ጀመረ። በ1892 እ.ኤ.አ. ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የሚባል ሩሲያዊ የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጨምቆ፣ ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ አሳለፈው። የተጣራው ፈሳሽ ግን አሁንም ጤነኛውን ቅጠል ያሳምም ነበር። በ1898 ማርቲኑስ ቤይሪንክ የተባለ የኔዘርላንድስ ሰው ሙከራውን ደግሞ ሠራና ከባክቴሪያ የተለየ ነገር መኖሩን ተናገረ። ያንን ነገር ቫይረስ አለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ የአውሮፓ ናቸው።)

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻው በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ስለዚህ ደንበኞቼ ውስጥ የሕክምና ተማሪ አይጠፋም። ይህን ነገር በደንብ የገለጸልኝም ጥናቱ እስኪጠረዝ ይጠብቅ የነበረ አንድ ተማሪ ነው። «ቫይረስ ብቻውን ሲሆን ምንም አይሠራም» አለኝ። «አይበላም፣ አያድግም፣ አይራባም። ሴል ውስጥ ሲገባ ነው ሥራ የሚጀምረው። እሱም የራሱ መሣሪያ የለውም፤ የሴሉን መሣሪያ ተጠቅሞ የራሱን ኮፒ ያስወጣል።» ኮፒ የሚለውን ቃል እሱ ነው የተናገረው። እኔ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ ነበርና ነገሩ ወዲያው ገባኝ።

ኮምፒውተሩ ላይ ስሙ የተለጠፈው በ1983 ነው። ፍሬድ ኮኸን በአሜሪካ የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር። አስተማሪው ሊዮናርድ አድልማን ነው። ይህ አድልማን ዛሬ በኢንተርኔት ምስጢር ለመጠበቅ በሚያገለግለው አርኤስኤ በሚባለው ዘዴ ስም ውስጥ «ኤ» የምትለዋ ፊደል የተወሰደችለት ሰው ነው። ኮኸን ኖቬምበር 3 ቀን ስለ ደህንነት በሚሰጠው ሴሚናር ላይ እያለ ሐሳቡ መጣለት። ራሱን ሌላ ፕሮግራም ላይ የሚለጥፍ ፕሮግራም ቢጻፍስ? ፈቃድ አግኝቶ ሠራው፤ ኖቬምበር 10 ለክፍሉ አሳየ። ስሙን ያወጣው አድልማን ነው። «ይህ ቫይረስ ነው» አለ።

ሙከራው ምን እንዳሳየ ስሙ። ፕሮግራሙ የተለቀቀበት ኮምፒውተር ብዙ ሰው በጋራ የሚጠቀምበት ትልቅ ማሽን ነበር። ኮኸን በተደጋጋሚ ሞከረው። በአማካይ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቫይረሱ የማሽኑን ሙሉ ሥልጣን ያዘ። አንደኛው ሙከራ ላይ 5 ደቂቃም አልፈጀበትም። የማሽኑ ኃላፊዎች ውጤቱን ሲያዩ ሌላ ሙከራ እንዳይደረግ ከለከሉ። ልብ በሉ፣ የማንም የይለፍ ቃል አልተሰበረም። ሰዎቹ ራሳቸው አዲስ መስሏቸው ፕሮግራሙን ከፈቱት። ሌላ ምንም አልተደረገም።

ኮኸን በ1984 ባሳተመው ጽሑፍ ቫይረስን ሲተረጉም እንዲህ ዓይነት ነገር ይላል። ሌሎች ፕሮግራሞችን ለውጦ የራሱን ኮፒ፣ ምናልባትም የተሻሻለ ኮፒ፣ እነሱ ውስጥ የሚያስገባ ፕሮግራም ነው። እኔ ይህን ትርጉም ሱቄ ውስጥ ጽፌ ብለጥፈው ደስ ይለኛል። ምክንያቱም ውስጡ የሌለውን ነገር ተመልከቱ። ማጥፋት የሚል ቃል የለበትም። መብላት የለም። ቫይረስ የሚያሰኘው ራሱን መቅዳቱ ነው። ጉዳት ማድረስ ተጨማሪ ነው፤ አንዱ ያደርሳል፣ ሌላው አያደርስም።

ስሙ ከመውጣቱ በፊት የነበሩትም ይህንኑ ያሳያሉ። በ1971 ቦብ ቶማስ የሚባል ባለሙያ ክሪፐር የሚባል ፕሮግራም ጻፈ። የኢንተርኔት ቅድመ አያት በሆነው አርፓኔት ላይ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው እየሄደ «እኔ ክሪፐር ነኝ፤ ከቻልክ ያዘኝ!» የሚል ጽሑፍ ብቻ ያወጣ ነበር። በ1982 ደግሞ ሪች ስክሬንታ የሚባል የ15 ዓመት የፔንሲልቬኒያ ተማሪ ኤልክ ክሎነርን ሠራ። በአፕል ኮምፒውተር ዲስኬት (የዚያ ዘመን ፍላሽ በሉት) ላይ ተደብቆ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ይዞር ነበር። ዲስኬቱ ለ50ኛ ጊዜ ሲነሳ አንዲት ግጥም ያወጣል። በቃ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስገርመኝ የብሬን ታሪክ ነው፤ ከሱቅ ነዋ የወጣው። በ1986 ባሲት እና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ የሚባሉ ወንድማማቾች ፓኪስታን፣ ላሆር ከተማ ውስጥ የኮምፒውተር ሱቅ ነበራቸው። የሕክምና ሶፍትዌር ይሠሩ ነበርና ሰው ሳይከፍል እንዳይቀዳው ብለው አንድ ፕሮግራም አስገቡበት። ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና ስልካቸውን ውስጡ ጻፉ። ፕሮግራሙ በዲስኬት አማካይነት ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ዓለምን ዞረ። በአይቢኤም ዓይነት ኮምፒውተሮች ላይ የተሰራጨው የመጀመሪያው ቫይረስ እሱ ነው። ከማያውቁት አገር ስልክ ይደወልላቸው ጀመር። በ2011፣ ከ25 ዓመት በኋላ፣ ሚኮ ሂፖነን የሚባል የፊንላንድ የደህንነት ባለሙያ ዲስኬቱ ላይ በተጻፈው አድራሻ ላሆር ድረስ ሄዶ እዚያው ቦታ አገኛቸው። አንዲት ሱቅ ሳታስበው የዓለም መነጋገሪያ ሆነች ማለት ነው። ለዚህ ነው የህትመት ቤት ባለቤቶችን አጥብቄ የምመክረው። በአንድ ቀን የብዙ ሰው ፍላሽ የሚሰካው እኛ ጋ ነው።

አሁን ወደ ፍላሹ እንመለስ።

ሱቄ የሚመጣው የተለመደው ችግር እንዲህ ነው። ፍላሹን ስትከፍቱ የምታውቋቸው ፎልደሮችና ፋይሎች ስማቸው አለ፤ ግን ሁሉም ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ሌላ ቦታ የሚጠቁም ምልክት ብቻ፣ ሆነዋል። ምስሉ ግርጌ ላይ ትንሽ ቀስት አለች። መጠናቸውን ብታዩ እያንዳንዱ 1 ወይም 2 ኪሎባይት ነው። መቶ ገጽ ጥናት 1 ኪሎባይት ሊሆን አይችልም። ሰው ይህን ሲያይ «ተበላ» ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ የማደርገው ፍላሹን በቀኝ አዝራር ተጭኜ ፕሮፐርቲስ ማየት ነው። ምን ያህል ቦታ እንደተያዘ ይናገራል። የሚታየው ፋይል ተደምሮ 30 ኪሎባይት፣ የተያዘው ቦታ ግን 5 ጊጋባይት ከሆነ፣ ሥራችሁ እዚያው አለ። ይህን ቁጥር ለባለቤቱ አዙሬ አሳያለሁ። ቁጥሩን ሲያይ ትንፋሹ ይመለሳል።

ቫይረሱ ያደረገው እንዲህ ነው። እውነተኞቹን ፋይሎች በሙሉ ስም የሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ይከታል፤ ፎልደሩን ይደብቃል። በምትኩ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሾርትከቶች ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስትጫኑት መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሳና ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል፤ ወዲያው ደግሞ እውነተኛውን ፎልደር ይከፍትላችኋል። ፋይላችሁን ስለምታገኙት ምንም የሆነ አይመስላችሁም። ከዚያ በኋላ እዚያ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ፍላሽ ሁሉ እንዲሁ ይሆናል።

እዚህ ጋ መሪጌታውን ላንሳ። የአቋቋም ማስመስከሪያዋ በአታ ያለችው እዚህ ጎንደር ስለሆነ የቤተ ክርስቲያን መምህራንም ወደ ሱቄ ይመጣሉ። አንድ መምህር ከደቀ መዝሙራቸው ጋር መጡ። ፍላሹ ላይ ብዙ የተቀዳ ዜማ ነበር፤ አሁን ሁሉም ቀስት ሆኗል። ልጁ «የኔታ፣ ፎርማት ይደረግ ተብሏል» ይላቸዋል። እሳቸው ግን አልተዋጠላቸውም። «ማን ነው የደበቀው? ለምንስ ይደብቀዋል?» ብለው ጠየቁኝ። ይህን ጥያቄ ከእሳቸው በቀር የጠየቀኝ የለም። «የኔታ፣ እርስዎ እንዲነኩት ነው» አልኳቸው። «ብቻውን መነሳት አይችልም። ሰው እንዲያስነሳው የሰው የራሱን ነገር ስም ለብሶ ይጠብቃል።» ጥቂት ዝም አሉና «እንግዲያ አልነካውም፤ አንቺው በሌላ በር ግቢ» አሉ። ከዚያ የተሻለ መመሪያ እኔም አልሰጥም።

ሌላው በር ይኸውላችሁ። ሾርትከቱን አትጫኑ። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ፋይሎች የምታዩበት መስኮት ላይ «ቪው» የሚለውን ከፍታችሁ «ሂድን አይተምስ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ዊንዶውስ 11 ላይ «ቪው»፣ ከዚያ «ሾው»፣ ከዚያ «ሂድን አይተምስ» ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻውን አይበቃም። ቫይረሱ ፎልደሩን የሲስተም ፋይል አስመስሎ ስለሚደብቀው ነው። እዚያው «ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብታችሁ «ቪው» ስር የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት አንሱት። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ነህ ወይ ይላል፤ አዎ በሉት። ያኔ ደብዘዝ ያለ፣ ስም የሌለው ፎልደር ብቅ ይላል። ሥራችሁ እዚያ ውስጥ ነው። ጨርሳችሁ ስትወጡ ምልክቱን መልሱት።

ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት የማይፈራ ሰው ደግሞ አጭር መንገድ አለው። ለሰው በስልክ የምነግረው እንዲህ ብዬ ነው። «ሲኤምዲ» (cmd) ክፈት። የፍላሹን ፊደል፣ ለምሳሌ ኢ፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ ጽፈህ ኢንተር በል። ቀጥሎ «አትሪብ» ብለህ በእንግሊዝኛ ጻፍ፤ ክፍተት፣ ሰረዝ ኤች፤ ክፍተት፣ ሰረዝ አር፤ ክፍተት፣ ሰረዝ ኤስ፤ ክፍተት፣ ኮከብ ነጥብ ኮከብ፤ ክፍተት፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለው ሰረዝ ኤስ፤ ክፍተት፣ ያው ያዘነበለው ሰረዝ ዲ። ኢንተር። ተጽፎ ሲታይ attrib -h -r -s *.* /s /d ነው። ፍላሹ ትልቅ ከሆነ ትንሽ ይቆያል። ሲጨርስ የተደበቀው ሁሉ ይወጣል።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ስልክ ነው፤ ለመሪጌታውም ያደረግኩት ይህንን ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ፣ ፍላሽን ከስልክ ጋር በሚያገናኘው በኦቲጂ ገመድ፣ ፍላሹን ሰኩ። ይህ ቫይረስ ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ አንድሮይድ ላይ መነሳት አይችልም። የዊንዶውስ የመደበቂያ ምልክትም አብዛኛው ስልክ ላይ ስለማይሠራ፣ ስም የለሹ ፎልደር በግልጽ ይታያል። ዜማዎቹን አንድ በአንድ ወደ ስልኬ ገለበጥኳቸው። መብራት በጠፋበት ሰዓትም የሚሠራ ዘዴ ነው፤ ይህ ጎንደር ላይ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስትገለብጡ መርጣችሁ ገልብጡ። ዎርድ፣ ፒዲኤፍ፣ ኤክሴል፣ ፎቶ፣ ድምፅ፣ ቪዲዮ ብቻ። የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ኢኤክስኢ (exe)፣ ቪቢኤስ (vbs) ወይም ኤልኤንኬ (lnk) የሚል ነገር ካለ ተዉት። ሥራችሁ በሌላ ቦታ በደህና ተቀምጦ፣ ከፍታችሁ ካያችሁት በኋላ፣ ያኔ ፎርማት አድርጉት። ፎርማት ጥፋቱ ከመጀመሪያ ሲመጣ ነው።

ቸኩላችሁ ፎርማት ያደረጋችሁም ብትኖሩ ፍላሹ ላይ አዲስ ነገር አትጫኑበት። ፈጣኑ ፎርማት የሚያደርገው የመጽሐፍን ማውጫ ገጽ እንደመቅደድ ያለ ነው፤ ሌሎቹ ገጾች አሉ፣ የት እንዳሉ የሚናገር ግን የለም። ሬኩቫ ወይም ፎቶሬክ የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች ብዙውን ሊያወጡት ይችላሉ። በላዩ ላይ ሌላ ፋይል ከጻፋችሁበት ግን የተጻፈበት አይመለስም።

አንድ ነገር ለትክክለኛነት ልጨምር። ይህ የፍላሽ ችግር በጥብቅ ስናየው ቫይረስ ሳይሆን ትል የሚባለው ነው። ቫይረስ ሌላ ፕሮግራም ላይ ይለጠፋል፤ ትል ግን የሚለጠፍበት ሌላ ፕሮግራም ሳያስፈልገው ይባዛል። በኖቬምበር 1988 ሮበርት ሞሪስ የሚባል ተማሪ የለቀቀው የመጀመሪያው ታዋቂ ትል በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ያዘ። ትሮጃን የሚባለው ደግሞ ከግሪኮች የእንጨት ፈረስ ተረት የመጣ ነው፤ ጠቃሚ መስሎ በባለቤቱ ፈቃድ ይገባል። ሱቅ ውስጥ ሁሉንም ቫይረስ ብንለው ክፋት የለውም። ሥራ ላይ የሚጠቅመው ልዩነት አንድ ብቻ ነው፦ ይህኛው እኔ ሳልጫነው ይነሳል ወይስ አይነሳም?

ድሮ ፍላሽ መሰካቱ ብቻ ይበቃ ነበር። ዊንዶውስ አውቶራን በሚባል አሠራር ፍላሹ ላይ ያለውን ራሱ ያስነሳው ነበር። በ2008 የወጣው ኮንፊከር የሚባለው ትል አንዱ መንገዱ ይህ ነበር። ዊንዶውስ 7 ሲመጣ አሠራሩ ለፍላሽ ተዘጋ፤ በ2011 ደግሞ ማይክሮሶፍት ለቀድሞዎቹ ዊንዶውሶችም ዘጋው። ያ በር ሲዘጋ የቀረው መንገድ ሰውን ማስጫን ነው። ሾርትከቱ የተፈለገው ለዚህ ነው። አሁንም ጥገና ያልተደረገለት አሮጌ ዊንዶውስ ኤክስፒ የሚጠቀም ሱቅ ካለ፣ እባካችሁ ደንበኞቻችሁን አስቡ።

ማስጫን የሚባለው ነገር ምን ያህል እንደሚሄድ ያሳየው በሜይ 2000 ከፊሊፒንስ የተነሳው «አይ ላቭ ዩ» ነው። በኢሜይል የሚመጣ የፍቅር ደብዳቤ መሰለ። የፋይሉ ስም መጨረሻው ቪቢኤስ ነበር፤ ከሱ በፊት ግን ቲኤክስቲ የሚል ተቀምጧል። ዊንዶውስ የመጨረሻዋን ክፍል ስለሚደብቅ ሰው ያየው ተራ ጽሑፍ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ኮምፒውተር ተያዘ። ስለዚህ ዛሬውኑ «ቪው» ውስጥ ገብታችሁ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በኋላ ፎልደር መስሎ መጨረሻው ኢኤክስኢ የሆነ ነገር ዓይናችሁን አያመልጥም።

ሰኔ ላይ፣ ተመራቂዎች ጥናታቸውን ሊያሳትሙና ሊያስጠርዙ ሲጎርፉ፣ ችግሩ ይብሳል። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። የእንግዳ ፍላሽ የሚሰካበት ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር በኔትወርክ አይገናኝም። ዊንዶውስ ዲፌንደር ሁልጊዜ ክፍት ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አብሮ ይመጣል፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ኢንተርኔት በማይኖርበት ጊዜ ማሻሻያውን ሌላ ቦታ አውርጄ አመጣለታለሁ። ግን ዲፌንደርን ብቻ ተማምኜ አልቀመጥም። ኮኸን ቀድሞ በሒሳብ እንዳስረዳው፣ ሁሉንም ቫይረስ ያለ ስህተት የሚለይ ፕሮግራም ሊኖር አይችልም። አንቲቫይረስ አለኝ ብሎ ያገኘውን ሁሉ የሚጫን ሰው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ለደንበኞቼ ደግሞ ሁለት ምክር አለኝ። አንደኛው ፍላሹን ተዉትና በፒዲኤፍ አድርጋችሁ በቴሌግራም ላኩልኝ የሚል ነው። ፒዲኤፍ ሌላም ጥቅም አለው። ጽሑፉ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ከሆነና እኔ ጋ ፎንቱ ከሌለ ዎርድ ላይ ፊደሉ ይዘበራረቃል፤ ፒዲኤፍ ላይ ግን እንደጻፋችሁት ይቆያል። ሁለተኛው፣ ፍላሽ መያዝ ግድ ከሆነ፣ በፍላሹ ምትክ ከነማስገቢያው (አዳፕተር ከሚባለው) ጋር ያለ ሚሞሪ ካርድ ያዙ። የማስገቢያው ጎን ላይ ትንሽ መዝጊያ አለች። ወደ ታች ስትጎትቷት «ሎክ» ይሆናል፤ አብዛኛው ካርድ አንባቢ ይህን ስለሚያከብር የኔ ኮምፒውተር ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። መጻፍ ካልተቻለ ቫይረሱ ራሱን ሊቀዳበት አይችልም።

በእውነት የሚበላ የለም ወይ ለሚለኝ፣ አለ። ራንሰምዌር ይባላል። ፋይላችሁ በቦታው አለ፤ ስሙ መጨረሻ ላይ የማታውቁት ቅጥያ ተጨምሮበታል፤ ስትከፍቱት አይከፈትም፤ አጠገቡ ገንዘብ ክፈሉ የሚል ጽሑፍ ተቀምጧል። በሜይ 2017 ዋናክራይ የሚባለው ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ኮምፒውተሮችን እንዲህ ቆልፏል። እኛ አካባቢ ያየኋቸው ሰዎች ያመጡት አብዛኛውን ጊዜ ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ) ሶፍትዌር ወይም ዊንዶውስ ማስከፈቻ ሲያወርዱ ነው። እዚህ ላይ መደበቂያውን ማንሳት አይሠራም፤ ይዘቱ ራሱ ተቆልፏል። ገንዘብ አትላኩ፤ ከፍለውም ያልተመለሰላቸው አሉ። ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ ነቅላችሁ፣ በአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ተቋም በዩሮፖልና በኔዘርላንድስ ፖሊስ ተሳትፎ በ2016 የተከፈተውን «ኖ ሞር ራንሰም» የሚባል ድረ ገጽ ፈልጉ። ለአንዳንዶቹ ዓይነቶች መፍቻ በነፃ ይሰጣል። የእናንተው ዓይነት ዛሬ ከሌለ የተቆለፉትን ፋይሎች አታጥፉ፤ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡና በየጥቂት ወሩ ተመልሳችሁ እዩ፤ ቁልፉ ዘግይቶ የተገኘላቸው አሉ።